ፋይል የሚቆልፍ ቫይረስ ሲገባ፦ ከፎርማት በፊት መሠራት ያለባቸው ሥራዎች

ፋይሉ የተቆለፈበት ሰው ኮምፒውተሩን ይዞ ጥገና ቤት ሲገባ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰማው መልስ «ፎርማት ይደረግ» ነው። ፎርማት ቫይረሱን ያጠፋል፤ ከቫይረሱ ጋር ግን የልጆቹን ፎቶ፣ የመመረቂያ ጽሑፉን፣ የሱቁን የሂሳብ ሰነድ መልሶ የማግኘት ተስፋውንም ይዞበት ይሄዳል። ራንሰምዌር፣ ማለትም ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ፣ ከሌላው ቫይረስ የሚለየው እዚህ ላይ ነው፤ ቫይረሱን ማጥፋትና ፋይሉን መክፈት ለየብቻ የሚሠሩ ሥራዎች ናቸው። ቫይረሱ ዛሬውኑ ሊጠፋ ይችላል። ፋይሉ ግን የተቆለፈበት ቁልፍ እስኪገኝ ድረስ እንደተቆለፈ ይቆያል፤ ያ ቁልፍ ደግሞ ዛሬ ባይኖር ከወራት በኋላ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ የተቆለፈ ፋይል አይጣልም።

ራንሰምዌር ዓይነቱ ብዙ ነው። እዚህ የምናየው በግለሰቦች ኮምፒውተር ላይ በብዛት ከታዩት አንዱን፣ ስቶፕ ወይም ዲጄቪዩ የሚባለውን ነው። ድርጅቶችን ለይተው የሚያጠቁት ሌሎች ናቸው፤ ይኼኛው የሚይዘው ቤቱ ቁጭ ብሎ ክራክ (የሚከፈልበትን ፕሮግራም ያለ ክፍያ የሚያሠራ ፋይል) የሚያወርደውን ሰው ነው። የመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች ግን ለሁሉም ዓይነት ይሠራሉ።

ምን እንደገባ ማወቅ

የሰርግ ፎቶ ያለበትን ፎልደር ሲከፍቱ በየፋይሉ ላይ ይታዩ የነበሩት ትንንሽ ምስሎች ጠፍተው ሁሉም ነጭ ወረቀት ይመስላሉ። «ሰርግ 014» የሚለው ፎቶ ከጄፔግ ቀጥሎ ትርጉም የሌላቸው አራት ፊደላት ተቀጥለውበታል። ፊደላቱን በእጅ አጥፍተው የድሮውን ስም ቢመልሱለትም አይከፈትም፤ የተለወጠው ውስጡ ነውና። በየፎልደሩ ደግሞ ሪድሚ የሚል ስም ያለው የጽሑፍ ፋይል ተቀምጧል። ሲከፈት 980 ዶላር ይጠይቃል፤ በ72 ሰዓት ውስጥ ለሚገናኛቸው በግማሽ ቀንሰው 490 ዶላር እንደሚያደርጉለት፣ ለማረጋገጫም አንድ ፋይል በነፃ እንደሚከፍቱ ይናገራል። በኋላ የወጡት ዝርያዎች ዋጋውን 999 እና 499 አድርገውታል። ከታች፣ መጨረሻው ላይ፣ የግል መለያ የሚባል ረጅም የፊደልና የቁጥር ድርድር አለ። ከጽሑፉ ሁሉ የሚጠቅመን ይህ መስመር ብቻ ነው።

የሚገባው በአብዛኛው ከክራክ ወይም ከመሰሎቹ፣ ከአክቲቬተርና ከኪጄን ጋር ነው። ሰውየው ፎቶሾፕ ወይም ኦፊስ አወረድኩ ብሎ ይከፍታል፤ የተጫነ ነገር አይታይም፤ ወይም «ዊንዶውስ አፕዴት በማድረግ ላይ ነው፣ እባክዎ ኮምፒውተሩን አይዝጉ» የሚል መስኮት ይወጣል። መስኮቱ ውሸት ነው። ሰውየው አፕዴቱ እስኪያልቅ ብሎ ሲጠብቅ ከጀርባ ፋይሎቹ አንድ በአንድ እየተቆለፉ ነው።

አቆላለፉን ማወቅ በኋላ ምን ማዳን እንደሚቻል ይነግረናል። ይህ ቫይረስ ለፍጥነት ሲል ሙሉውን ፋይል አይቆልፍም፤ የሚቆልፈው የእያንዳንዱን ፋይል የመጀመሪያ 150 ኪሎባይት ገደማ ነው። አነስ ያለ የዎርድ ሰነድ በዚህ ሙሉ በሙሉ ይበላል። የ700 ሜጋባይት ቪዲዮ ግን የተነካበት ከአራት ሺህ እጅ አንዱ እንኳ አይሞላም።

ቁልፉስ? ቫይረሱ ሥራ ሲጀምር ከላኩት ሰዎች ሰርቨር (ማዕከላዊ ኮምፒውተር) ጋር ተገናኝቶ ለዚያ ኮምፒውተር ብቻ የተሠራ ቁልፍ ያመጣል። ይህ የኦንላይን ቁልፍ ይባላል። ሰርቨሩን ካላገኘ፣ ኢንተርኔት ስለተቋረጠም ይሁን ሰርቨሩ ስለተዘጋ፣ አብሮት የመጣውን ቁልፍ ይጠቀማል፤ ይህ ደግሞ የኦፍላይን ቁልፍ ነው። የኦፍላይን ቁልፍ በዚያ ዝርያ ለተያዘ ሰው ሁሉ አንድ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ከፍሎ ያገኘውን ቁልፍ ለባለሙያዎች ሲሰጥ የሌሎቹም ፋይል ይከፈታል። የግል መለያው በትንሿ የላቲን ቲ እና በቁጥር 1 ካለቀ የተቆለፈው በኦፍላይን ቁልፍ ነው፤ ተስፋ አለ። በሌላ ካለቀ ቁልፉ ያለው በሰዎቹ እጅ ብቻ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች

1. ዋይፋዩን ያጥፉ ወይም የኔትወርክ ገመዱን ይንቀሉ። የስልክ ሆትስፖት ከሆነ ስልኩ ላይ ያጥፉት።

2. የተሰኩ ፍላሽና ኤክስተርናል ሃርድ ዲስኮችን ወዲያው ይንቀሉ። «ሴፍሊ ሪሙቭ» እስኪል አይጠብቁ፤ በዚያች ደቂቃ ውስጥ ብዙ መቶ ፋይል ሊቆለፍ ይችላል።

3. ፋይሎቹ ገና እየተለወጡ ከሆነ ኮምፒውተሩን በግድ ያጥፉት። ላፕቶፕ ቻርጀሩን በመንቀል አይጠፋም፣ ባትሪ አለው። የማብሪያ ቁልፉን 10 ሰከንድ ያህል ተጭነው ይያዙ። መቆለፉ ካበቃ ግን ለማጥፋት መቸኮል አያስፈልግም።

4. የሪድሚውን ጽሑፍ በስልክዎ ፎቶ ያንሱ፤ መለያው በደንብ እንዲነበብ ያድርጉ። አንዳንድ አንቲቫይረሶች ቫይረሱን ሲያጸዱ ይህንንም ፋይል አብረው ይጠርጉታል፤ ከዚያ በኋላ መለያውን ፍለጋ መድከም ይመጣል።

5. ሲክሊነርና የመሳሰሉትን የማጽጃ ፕሮግራሞች አያስነሱ። ፋይል አይሰርዙ፣ ስም አይለውጡ፣ አዲስ ነገርም አይጫኑ።

መብራት ሄዶ ሲመጣ፣ ወይም ኢንተርኔቱ መሀል ላይ ተቋርጦ ሲመለስ አንድ ነገር ይፈጠራል። ቫይረሱ ተነሥቶ ሥራውን ሲቀጥል ሌላ ቁልፍ ሊይዝ ይችላል፤ ከፊሉ ፋይል በኦንላይን፣ ከፊሉ በኦፍላይን ቁልፍ ተቆልፎ ይገኛል። ስለዚህ አንድ ፋይል አልከፈት ስላለ ሁሉም አይከፈትም ብለው አይደምድሙ። ሲ ድራይቭ ላይ ሲስተም አይዲ የሚባል ፎልደር ውስጥ ፐርሰናል አይዲ የሚል የጽሑፍ ፋይል ይፈልጉ፤ ያገለገሉት መለያዎች ሁሉ በተራ ተጽፈው የሚገኙት እዚያ ነው።

ቫይረሱን ማጥፋት

ቅጂ ከመውሰድ በፊት ማጽዳት ይቀድማል። ምክንያቱም ይህ ቫይረስ በዊንዶውስ ታስክ ሼዱለር ውስጥ «ታይም ትሪገር ታስክ» የሚል ቀጠሮ ለራሱ ያስመዘግብና በየጥቂት ደቂቃው ተመልሶ ይነሣል። ባክአፕ ያለበትን ዲስክ እስቲ ልመልስ ብለው ከሰኩ የቀረዎትን አንድ ንጹሕ ቅጂ ያስቆልፉታል። ብዙ ሰው ሁሉንም የሚያጣው በመጀመሪያው ጥቃት ሳይሆን በዚህ ስህተት ነው።

በሌላ ንጹሕ ኮምፒውተር የኤምሲሶፍት ኢመርጀንሲ ኪትን ወይም የካስፐርስኪ ቫይረስ ሪሙቫል ቱልን ከራሱ ከአምራቹ ድረ ገጽ አውርደው ባዶ ፍላሽ ላይ ያድርጉ። ሁለቱም ለግል መጠቀሚያ በነፃ ይሠራሉ። ፍላሹ ላይ ሌላ ፋይል አይኑር።

የተያዘውን ኮምፒውተር በሴፍ ሞድ፣ ማለትም ዊንዶውስ የግድ የሚያስፈልገውን ብቻ ይዞ በሚነሣበት ሁኔታ፣ ያስነሡ። ዊንዶውስ እየሠራ ከሆነ ሺፍትን ተጭነው ይዘው ሪስታርት የሚለውን ይንኩ፤ ከዚያ ትራብልሹት፣ አድቫንስድ ኦፕሽንስ፣ ስታርታፕ ሴቲንግስ፣ ሪስታርት። ዝርዝሩ ሲመጣ 4 ቁጥርን ይምረጡ፤ 5 ቁጥር ኢንተርኔት አብሮ ስለሚያስነሣ አሁን አንፈልገውም። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ከነበረ አብርተው የዊንዶውስ ምልክት እንደታየ በግድ ያጥፉት፤ ይህን ደግመው በሦስተኛው ሲያበሩት የጥገናው ገጽ ራሱ ይመጣል። ቢትሎከር የሚባለው የዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ የበራበት ላፕቶፕ እዚህ ላይ የ48 አኃዝ መክፈቻ ይጠይቃል። መክፈቻው ብዙውን ጊዜ ላፕቶፑ በተመዘገበበት የማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ አለ፤ በስልክ ገብተው ይዩት።

በሴፍ ሞድ ቫይረሱ በራሱ አይነሣም። ከፍላሹ ስካነሩን ያስነሡና ሙሉ ስካን ያድርጉ። ዲስኩ የድሮው የሚሽከረከር ዓይነት ከሆነ ብዙ ሰዓት ይፈጃል፤ መሀል ላይ አያቋርጡት። የተገኘው ሁሉ ወደ ኳራንቲን (ስካነሩ አደገኛ ፋይል ለይቶ ወደሚያግትበት ቦታ) ይግባ። ከዚያ ኮምፒውተሩን ያለ ኢንተርኔት በመደበኛው መንገድ አስነሥተው እነዚህን ያድርጉ፦

ታስክ ሼዱለርን ከፍተው «ታይም ትሪገር ታስክ» ካለ ይሰርዙ።

በተጠቃሚው ስም ሥር አፕ ዴታ፣ ሎካል ውስጥ ይግቡ። ፊደልና ቁጥር የተደባለቀበት ረጅም ስም ያለውና ውስጡ አንድ ፕሮግራም ብቻ የያዘ ፎልደር ስካነሩ ትቶ ከሆነ የቫይረሱ መኖሪያ ሊሆን ይችላል፤ በስካነሩ ለብቻው ያስመርምሩት። አፕ ዴታ የተደበቀ ስለሆነ መጀመሪያ ቪው ከሚለው «ሂደን አይተምስ» የሚለውን ያብሩ።

ከዊንዶውስ ሴኪዩሪቲ፣ ቫይረስ ኤንድ ትሬት ፕሮቴክሽን፣ ስካን ኦፕሽንስ ገብተው የማይክሮሶፍት ዲፌንደር ኦፍላይን ስካንን ይምረጡ። ኮምፒውተሩ ይዘጋና ዊንዶውስ ከመነሣቱ በፊት 15 ደቂቃ ያህል ይመረምራል።

ሆስትስ የሚባለውን ፋይል ያስተካክሉ። ይህን ብዙ ቴክኒሻን ይዘለዋል። ቫይረሱ እርዳታ የሚገኝባቸውን ድረ ገጾች ስም በዚህ ፋይል ጽፎ መንገዳቸውን ይዘጋል፤ ሰውየው የአንቲቫይረስ ድረ ገጽ እምቢ ሲለው ኔትወርክ ጠፋ ብሎ ይተዋል። ኖትፓድን «ራን አዝ አድሚኒስትሬተር» ብለው ይክፈቱ፤ ከሲ ድራይቭ ዊንዶውስ፣ ሲስተም 32፣ ድራይቨርስ፣ ኢቲሲ ውስጥ ሆስትስን ይክፈቱ። በመሰላል ምልክት (#) የሚጀምሩት መስመሮች ጉዳት የላቸውም። ከነሱ በታች በ127.0.0.1 ወይም በ0.0.0.0 የሚጀምሩና የድረ ገጽ ስም የተደረደረባቸው መስመሮች ካሉ አጥፍተው ሴቭ ያድርጉ።

አሁን ፈተና። ዴስክቶፕ ላይ ባዶ የጽሑፍ ፋይልና አንድ የማይጠቅም ፎቶ አስቀምጠው ግማሽ ሰዓት ይጠብቁ። ስማቸው ላይ ምንም ካልተቀጠለ ቀጣዩን ይሥሩ። ከተቀጠለ ወደ ሴፍ ሞድ ተመልሰው በሌላኛው ስካነር ይድገሙት።

የተቆለፈውን ማስቀመጥ

ባዶ ኤክስተርናል ዲስክ ይስኩና የተቆለፉትን ፎልደሮች በሙሉ፣ ከነሪድሚው ይቅዱ። ሲስተም አይዲ የተባለውንም ፎልደር አይርሱ። ዲስኩ ላይ በወረቀት «የተቆለፈ» ብለው ቀኑን ይጻፉበት። ከዚህ በኋላ የሚሞከረው ሁሉ በሌላ ቅጂ ላይ ነው፤ ይህኛው አይነካም።

ይህ ካለቀ በኋላ ነው ፎርማት ቦታውን የሚያገኘው። ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን አማራጭ ሳይሆን የግድ ነው እንላለን፤ ከዚህ ቫይረስ ጋር የይለፍ ቃል የሚሰርቁ ሌሎች ፕሮግራሞች አብረው ይገባሉና። ከማይክሮሶፍት ድረ ገጽ የሚወርደውን መጫኛ ቢያንስ 8 ጊጋባይት በሆነ ፍላሽ ላይ አዘጋጅተው ይጫኑ። ሰፈር ውስጥ በሲዲ የሚዞረው ዊንዶውስ አክቲቬተር ቀድሞ ገብቶበት ከሆነ የመጡበትን መንገድ መልሰው ይጀምሩታል።

መክፈቻ መፈለግ

ዝርያውን ለመለየት አይዲ ራንሰምዌር የሚባለውን ድረ ገጽ ወይም የኖ ሞር ራንሰምን ገጽ ይጠቀሙ። ኖ ሞር ራንሰም እ.ኤ.አ. በ2016 በዩሮፖል፣ በኔዘርላንድስ ፖሊስና በሁለት የአንቲቫይረስ ኩባንያዎች የተቋቋመ ነው፤ ያሉት መክፈቻዎች ሁሉ በነፃ ናቸው። ሪድሚውንና አንድ የተቆለፈ ፋይል ሲያስገቡ የቫይረሱን ስም ይነግሩዎታል። የሚሰጡት ፋይል የግል ምስጢር ያለበት አይሁን።

ስቶፕ ዲጄቪዩ ከሆነ መክፈቻው የኤምሲሶፍት ነው፤ መጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2019 ነው። ከኤምሲሶፍት ገጽ አውርደው በአድሚኒስትሬተር ያስነሡት፤ ሲሠራ ኢንተርኔት ይፈልጋል። ቅጂው ያለበትን ፎልደር አሳይተው ዲክሪፕት የሚለውን ይንኩ። የሚመጣው መልስ ከሚከተሉት አንዱ ነው።

ፋይሎቹ ተከፍተው ከተቆለፉት ጎን ከተቀመጡ ቁልፍዎ ተገኝቷል። አሥር ያህሉን ከፍተው አይተው ቀሪውን ያስኪዱ።

«ኦፍላይን አይዲ» ብሎ ወደፊት ሊከፈት ይችላል ካለ የዝርያው ቁልፍ ገና አልተገኘም ማለት ነው። ዲስኩን አስቀምጠው በየጥቂት ወሩ አዲሱን መክፈቻ አውርደው ይሞክሩ።

«ኦንላይን አይዲ» ብሎ መክፈት አይቻልም ካለ እውነቱን ነው። ይህን መልስ ያገኘ ሰው ሌላ «ዲክሪፕተር» ፍለጋ ቴሌግራምና ዩቲዩብ ላይ እንዳይዞር እንለምናለን። እ.ኤ.አ. በ2020 የዲጄቪዩ መክፈቻ ነኝ እያለ የተሰራጨ ዞራብ የተባለ ፕሮግራም ራሱ ራንሰምዌር ነበር፤ የተቆለፈውን ፋይል በላዩ ሁለተኛ ይቆልፈዋል። «ማንኛውንም እንከፍታለን» ብለው ዋጋ ከሚጠሩትም ይጠንቀቁ፤ ለኦንላይን ቁልፍ ያላቸው መንገድ ለሌቦቹ ከፍሎ ትርፍ መጨመር ብቻ ነው።

ሪሞት ኔምን ማግኘት አልቻልኩም የሚል ስህተት ካመጣ ችግሩ ከቁልፉ አይደለም። ወይ ኢንተርኔት የለም፣ ወይ ሆስትስ አልጸዳም።

ካልተከፈተ ምን ይተርፋል

እዚህ ላይ ነው የ150 ኪሎባይቱ ነገር የሚጠቅመው። ትልልቅ ፋይል ያለው ሰው፣ በተለይ ቪዲዮ የሚቀርጽና ዘፈን የሚያስቀምጥ፣ ብዙ ሊያተርፍ ይችላል።

ዚፕ ፋይል፦ በቅጂው ላይ የተቀጠሉትን አራት ፊደላት አጥፍተው በሰቨን ዚፕ ይክፈቱት። የዚፕ ማውጫው ያለው ከፋይሉ መጨረሻ ስለሆነ ዝርዝሩ ይታያል፤ መጀመሪያ ላይ ያሉት አንድ ሁለቱ ሲበላሹ የቀሩት ይወጣሉ። ራር ግን አቀማመጡ ሌላ ስለሆነ በዊንራር «ሪፔር» መሞከር ያስፈልጋል።

ኤምፒ3፦ ዲስክቱና ያወጣው ሚዲያ ሪፔር የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። በ128 ኪሎቢት የተቀዳ መዝሙር ወይም ዘፈን የሚያጣው የመጀመሪያዎቹን 10 ሰከንዶች ያህል ነው፤ በ320 የተቀዳ ደግሞ 4 ሰከንድ ገደማ። ቀሪው ይጫወታል።

ኤምፒ4 ቪዲዮ፦ በዚያው ፕሮግራም ይሠራል፤ ነገር ግን በዚያው ካሜራ ወይም ስልክ፣ በዚያው ሴቲንግ የተቀረጸ አንድ ጤነኛ ቪዲዮ ለናሙና ይጠይቃል። ካሜራው ካለ አሁን አንድ ደቂቃ ይቅረጹና ይስጡት። ናሙናው በሰከንድ 30 ፍሬም (ምስል)፣ የተቆለፈው በ25 ከሆነ አይሳካም፤ የብዙ ሰው ሙከራ የሚከሽፈው እዚህ ላይ ነው።

ፎቶ፦ ይከብዳል። ከ4 ሜጋባይት ፎቶ የተቆለፈው ጥቂት ቢሆንም የተነካው የፎቶውን አነባበብ የሚናገረው ክፍል ነው። ከዚያው ካሜራ በተገኘ ናሙና አንዳንዱ የላይኛው ጠርዝ ተቆርጦ ይወጣል።

ዲስኩን ከማየት በፊት ግን ቅጂ ሊኖርባቸው የሚችሉትን ቦታዎች ይቁጠሩ። ካሜራው ሚሞሪ ላይ የተሰረዘው ፎቶ አዲስ ነገር ካልተቀረጸበት ፎቶሬክ በሚባል ፕሮግራም ሊመለስ ይችላል። በኢሜይል የተላከ፣ በቴሌግራም ለዘመድ የደረሰ፣ ለማተሚያ ቤት የተሰጠ ፋይል አለ። ጉግል ድራይቭ የተለወጠ ፋይልን የቀድሞ ቅጂ ለ30 ቀን ያቆያል፤ ፋይሉን በቀኝ ቁልፍ ነክተው «ማኔጅ ቨርዥንስ» የሚለውን ይዩ። የዊንዶውስ «ሪስቶር ፕሪቪየስ ቨርዥንስ» ቫይረሱ ሆን ብሎ ስለሚያጠፋው ብዙም አይተማመኑበት፤ ለማየት ግን አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

መክፈልን በተመለከተ አቋማችን ግልጽ ነው፤ አይክፈሉ። ገንዘቡን ተቀብለው የሚጠፉ አሉ። አንዱን ፋይል በነፃ መክፈታቸው ቁልፉ እንዳላቸው እንጂ ገንዘቡን ከተቀበሉ በኋላ እንደሚሰጡዎት አያሳይም።

በኢትዮጵያ ይህ ተግባር በኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የሚያስቀጣ ነው። የሪድሚውን ፎቶ ይዘው ለፖሊስ ያመልክቱ፤ ለኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደርም ያሳውቁ። እስራኤል ላሉ የብሔራዊ ሳይበር ጽሕፈት ቤቱ መስመር 119 ነው፤ አሜሪካ ያሉ ለኤፍቢአይ የኢንተርኔት ወንጀል መቀበያ በድረ ገጹ ያመለክታሉ።

የተሰረቀው ሌላው ነገር

ፋይሉ ላይ ዓይኑ ያረፈ ሰው ይህን አያይም። አብረው የገቡት ሌቦች ብሮውዘሩ ያስቀመጠውን የይለፍ ቃል፣ ኩኪዎችን (የገቡበትን አካውንት የሚያስታውሱ ትንንሽ ፋይሎችን)፣ የቴሌግራም ዴስክቶፕንም መግቢያ ይወስዳሉ። የቴሌግራሙ መግቢያ ከተወሰደ ኮድ ሳይጠየቁ በእርስዎ ስም ይገባሉ፤ ከዚያ «ብር ቸግሮኝ ነበር» እያሉ ለዘመድ ወዳጅ መጻፍ ነው።

ከተያዘው ኮምፒውተር ሳይሆን ከስልክዎ ይሥሩ። ቴሌግራም ላይ ሴቲንግስ፣ ዲቫይስስ፣ «ተርሚኔት ኦል አዘር ሴሽንስ»፤ ከዚያ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን ያብሩ። ኢሜይልዎን ከሁሉም መሣሪያ አስወጥተው የይለፍ ቃሉን ይለውጡ፤ ሌሎቹ አካውንቶች የሚታደሱት በኢሜይሉ ስለሆነ እሱ ይቅደም። ቀጥሎ ባንክ፣ ፌስቡክ፣ የቀረው። ኮምፒውተሩ ላይ የባንክ አገልግሎት ከፍተው ከነበረ ባንኩን በዚያው ቀን ያነጋግሩ።

ዳግም እንዳይገባ

ክራክን መተው ከሁሉ ይበልጣል። የዚህ ቫይረስ ዋና በር እሱ ነው። «ከመጫንዎ በፊት አንቲቫይረስዎን ያጥፉ» የሚል መመሪያ ካዩ ወይም የወረደው ዚፕ የይለፍ ቃል ኖሮት አጠገቡ «1234» ተብሎ ከተጻፈ አይክፈቱት፤ ይለፍ ቃሉ የተደረገው አንቲቫይረስ ውስጡን እንዳያይ ነው። ለቢሮ ሥራ ሊብሬ ኦፊስ፣ ለፎቶ ጊምፕ፣ ለቪዲዮ የዳቪንቺ ሪዞልቭ ነፃው እትም አሉ። መጀመሪያ ላይ እጅ አይለምዳቸውም፤ ሁለት ሳምንት ይስጧቸው።

አፕዴት አይዝጉ። ዳታ ይበላል ብሎ አፕዴትን ያጠፋ ሰው ብዙ ነው፤ ጭንቀቱ ይገባናል። እ.ኤ.አ. ሜይ 12 ቀን 2017 ከ150 በላይ አገሮችን የመታው ዋናክራይ የተባለ ራንሰምዌር የገባበት ቀዳዳ ግን መድፈኛው ማርች 14 ወጥቶ ነበር፤ ሁለት ወር ሙሉ ያልጫኑ ናቸው የተመቱት። ዋይፋዩ «ሚተርድ ኮኔክሽን» ተብሎ ከተቀመጠ ዊንዶውስ አፕዴት ላያወርድ ይችላል። በወር አንድ ሌሊት፣ የሌሊት ጥቅል ገዝተው፣ ያንን አጥፍተው ያስወርዱት። ማይክሮሶፍት አፕዴቱን የሚያወጣው በፈረንጆቹ ወር ሁለተኛው ማክሰኞ ነው። ዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፉ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል፤ ወደ 11 የሚያድግ ማሽን ከሆነ ያሳድጉት።

ዊንዶውስ ውስጥ ተዘግቶ የሚመጣ መከላከያም አለ። ዊንዶውስ ሴኪዩሪቲ፣ ቫይረስ ኤንድ ትሬት ፕሮቴክሽን፣ ከታች ራንሰምዌር ፕሮቴክሽን ገብተው «ኮንትሮልድ ፎልደር አክሰስ»ን ያብሩ። ያልታወቀ ፕሮግራም ዶክመንትስና ፒክቸርስ ውስጥ እንዳይጽፍ ያግደዋል። ፋይልዎ ዲ ድራይቭ ላይ ከሆነ ያንን ፎልደር ራስዎ ይጨምሩ፤ በራሱ አያውቀውም። መጀመሪያ ሰሞን ጤነኛ ፕሮግራምም ያግድና ሴቭ አላደርግም ይላል፤ ያኔ መከላከያውን ከማጥፋት ያንን ፕሮግራም ብቻ «አላው አን አፕ» ብለው ይፍቀዱለት።

የፋይል ኤክስቴንሽን እንዲታይ ያድርጉ፦ ቪው፣ ሾው፣ «ፋይል ኔም ኤክስቴንሽንስ»። «ደረሰኝ ፒዲኤፍ» የሚል ስም ይዞ መጨረሻው ኢ ኤክስ ኢ የሆነ ፋይል ሰነድ አይደለም።

ፎቶ ኮፒ ቤት ሲሄዱ የቤቱን ሰነድ ሁሉ የያዘውን ፍላሽ አይውሰዱ። የሚታተመውን ብቻ በሌላ ፍላሽ ወይም በቴሌግራም ይላኩ።

ባክአፕ

ሌላው ሁሉ ሲከሽፍ የሚያድነው ባክአፕ ነው። ደንቡ ቀላል ነው፦ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ዕቃ፣ አንዱ ከቤት ውጭ። ለአንድ ቤተሰብ ወይም ለአንድ ፎቶ ቤት የሚበቃው ከኮምፒውተሩ ሌላ ሁለት ኤክስተርናል ዲስክ ነው። አንደኛው በዚህ ሳምንት፣ ሌላኛው በሚቀጥለው ይሰካል። ሁለቱ በአንድ ቀን አይሰኩም። ቅጂው ሲያልቅ ይነቀላል፤ ተሰክቶ የሚያድር ዲስክ ባክአፕ አይባልም፣ ቫይረሱ እሱንም ያየዋል። አንዱን ለእኅት ወይም ለጎረቤት ይስጡ።

100 ጊጋባይት በድሮው ዩኤስቢ 2 አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ በዩኤስቢ 3 ሩብ ሰዓት ከጥቂት። የዩኤስቢ 3 መሰኪያ ብዙ ጊዜ ውስጡ ሰማያዊ ነው፤ ጥቁሩ ላይ ሰክተው በከንቱ እንዳይጠብቁ።

ቴሌግራም ላይ «ሴቭድ ሜሴጅስ» የሚጠቀሙ ሰዎች ፎቶውን «ፋይል» ብለው ይላኩት፤ እንደ ፎቶ ከላኩት ጥራቱ ይቀንሳል። አንድ ፋይል እስከ 2 ጊጋባይት ይቀበላል። ብቸኛ ማስቀመጫ ግን አያድርጉት፤ አካውንቱ የተሰረቀ ቀን አብሮ ይሄዳል።

ዋጋው እጅግ ረክሶ የሚሸጥ «2 ቴራባይት» ፍላሽ ካዩ ይጠርጥሩ። ውስጡ ብዙ ጊዜ 32 ወይም 64 ጊጋባይት ነው፤ ከዚያ በላይ የተቀዳው ስሙ ይታያል እንጂ አይከፈትም። ማንኛውንም አዲስ ፍላሽ ወይም ዲስክ ፋይል ከመጫንዎ በፊት ኤች2ቴስት በሚባለው ነፃ ፕሮግራም እስከ መጨረሻው ሞልተው ይፈትሹት። በየሦስት ወሩ ደግሞ ከባክአፑ ዲስክ አሥር ፋይል ከተለያየ ፎልደር መርጠው፣ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ይክፈቱ፤ ቪዲዮ ከሆነ መሀሉንና መጨረሻውን ጭምር ይዩ። አንድ እንኳ አልከፈት ካለ ያንን ዲስክ በዚያው ቀን ይለውጡ።